ስለ መድኃኒት ግቢና በዘበኛ ስለሚጠበቀው ንጹሕ አፈር

ግንቦት ፲፱ ቀን ፳፻፫ ዓ.ም.
ደብረ ማርቆስ

ለክቡር አቶ እንዳላማው፣
የከተማችን የአፈር ጽዳትና የሥራ ክህሎት ማስፋፊያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደ ምን ሰንብቷል? ዓይንዎን፣ ወገብዎን፣ በተለይም መስኮቱ ሁልጊዜ በተዘጋ ቢሮ ውስጥ ተመችቶት የሚኖረውን ሳንባዎን ፈጣሪ ይጠብቅልኝ። እኔ ከመሳል በቀር፣ እጄንም በየሰዓቱ ከማሽተት በቀር፣ እጅግ ደኅና ነኝ። እንዲያውም ደስ ብሎኛል። ደስታው ከየት እንደ መጣ አላውቅም፤ ከጠዋት ጀምሮ ብቻዬን እስቃለሁ።

ስሜ ወልደ ሩፋኤል ነው። ቅኔ ጀምሬ ያቋረጥኩ፣ የቀን ሥራ ደግሞ እርሱ ራሱ የሚያቋርጠኝ ሰው ነኝ። ባለፈው ታኅሣሥና ጥር ጽሕፈት ቤትዎ ከየቀበሌያችን የድህነት ማስረጃ አስጽፎ፣ የተበከለ የከተማ መሬት ስለ ማጽዳት ካሠለጠነን ሃያ ሁለት ምሩቃን አንዱ ነኝ።

የሠለጠንነው ለመድኃኒት ግቢ ነው። ለማያውቅ አንባቢ፦ ከገበያው በላይ ዱሮ የተባይ መድኃኒት የሚከማችበት መጋዘን ነበረ። በርሜሎቹ ዝገው አፈሰሱ፤ መጋዘኑ ፈረሰ፤ ባለቤቱ እኔ ነኝ የሚል መሥሪያ ቤት እስከ ዛሬ አልተገኘም። አፈሩ ቀረ። ሣር አይበቅልበትም። ጉንዳን አይሄድበትም። ከግቢው ሥር የታየች ቤት አለ፤ ከታየች ቤት ሥር ምንጩ አለ። ታየች ከሃያ ሁለታችን አንዷ ናት፤ የምትጠይቀውም አንድ ነገር ብቻ ነው። ክረምቱ ገብቶ ያንን አፈር በቤቷ ወለል አሳልፎ ወደምንጠጣው ውኃ ሳያወርደው በፊት፣ የተማርነውን እንድንሠራ ነው። እኔም የምጽፍልዎ ስለዚሁ ነው። የቀረው ሁሉ ምስጋና ነው።

፩ኛ፤ ለጤናችን ስላሰቡልን። የተግባር ልምምድ ጊዜ ሲደርስ፣ የተበከለ አፈር ለሠልጣኝ አደገኛ መሆኑ ከጽሕፈት ቤትዎ በደብዳቤ ስለ ተገለጸልን፣ ልምምዱን ከቢሮዎ በር ላይ ባለው የጽጌረዳ መደብ አደረግን። ንጹሕ አፈር ነው። አንድ ስንዝር ቆፍረን አነሣን፤ ዘጠኝ ጆንያ ሞላን፤ አፉን ሰፋን፤ እንደ ተማርነው በየጆንያው ላይ «አደገኛ» ብለን ጻፍን። ጓንቱ አንድ ጥንድ ስለ ነበረ በወረፋ አጠለቅነው። የመጨረሻውን ጆንያ ስንሸከም ታየች የግራውን፣ እኔ የቀኙን አድርገን ነበር። «የኔታ፣ ዛሬ ገና ሁለታችን አንድ ሰው ሆንን» ብትለኝ በሳቅ ጆንያውን ጣልነው። የኔታ የምትለኝ ቅኔውን ስላልጨረስኩ ነው።

፪ኛ፤ ስለ ጥበቃዎ። ዘጠኙ ጆንያ «አደገኛ» የሚል ስለ ተጻፈበት፣ መመሪያው በሚያዝዘው መሠረት በቆርቆሮ ቤት ተቆልፎበት ዘበኛ ተቀጠረለት። እንግዲህ በከተማችን ንጹሑ አፈር ቁልፍና ዘበኛ አለው፤ መርዘኛው አጥር እንኳ የለውም። ይህን ሳስብ ሳቄ ይመጣና መካከል ላይ ይቆማል።

፫ኛ፤ ስለ ሰሌዳው። አጥሩ ቢዘገይ በየካቲት ሰሌዳ አስተከሉልን። በትልልቅ ቀይ ፊደላት «መድኃኒት ያለበት አፈር» ይላል። ከሥሩ በትንንሹ የተጻፈው «አይነካም» በመጋቢት ካፊያ ታጥቦ ሄደ። ክቡር ሆይ፣ በቅኔ ቤት ደጅ እንዳለፈ ሰው አድናቆቴ ወሰን የለውም። ሰሙ መድኃኒት፣ ወርቁ መርዝ! ገበሬው ማሳው ላይ የሚረጨውንም፣ ሕመምተኛው የሚውጠውንም በአንድ ስም የምንጠራ ሰዎች መሆናችንን፣ ከጸበል ስፍራም እመት ቋጥረን ወስደን፣ አፈሩን የታመመ ገላችንን መቀባት ልማዳችን መሆኑን ጽሕፈት ቤትዎ ዘንግቶት አይመስለኝም።

በሳምንቱ መምጣት ጀመሩ። ከአማኑኤል ከተማ በሚኒባስ፣ ከደምበጫ በፈረስ፣ ፌስታልና ጨርቅ ይዘው። እማሆይ ወለተ ሐዋርያት የሚባሉ መነኩሲት ከደብረ ወርቅ ድረስ መጥተው የሰሌዳውን እግር ተሳለሙና፣ «ልጄ፣ ለጉልበት ነው ለዓይን?» ብለው ጠየቁኝ። መርዝ ነው አልኳቸው። «ለምን በሽታ?» አሉኝ። ከደምበጫ የመጣ አንድ ጎልማሳ ደግሞ ልከለክለው ብቆም በክርኑ ገፋ አድርጎኝ፣ «ሰውዬ፣ ለብቻህ ልትድንበት ነው?» አለኝ። የሠለጠንኩ መሆኔን እንዲያውቅ ሰርተፍኬቴን አወጣሁለት። አገላብጦ አየውና ማኅተሙን ግንባሩ ላይ አስነካው።

ከዚያ ቀን ወዲህ በየማለዳው ከሰሌዳው ሥር እቆማለሁ። ማንም አላዘዘኝም። ያን ያህል መንገድ የመጣን ሰው በባዶ እጁ መመለስ እንደማይቻል ስለ ገባኝ ግን አንድ ዘዴ አበጅቻለሁ፤ እርሱን ወደ መጨረሻው እነግርዎታለሁ። ደግ ሥራ ይሁን ማታለል፣ ሳስበው መልሱ ይለዋወጥብኛል።

፬ኛ፤ ስለ ማስታወቂያዎ። ሃያ ሁለታችን ሥራውን እንጀምር ብለን ባመለከትን በሦስተኛው ወር መልሱ ደረሰን፦ ግቢውን ለማጽዳት የሚወዳደር ሰው፣ በዚሁ በከተማችን የተበከለ መሬት በማጽዳት ከአምስት ዓመት ያላነሰ የሥራ ልምድ ሊኖረው ይገባል። በከተማችን አንድም የተበከለ መሬት ጸድቶ ስለማያውቅ ውድድሩ ከአድልዎ ፍጹም የጸዳ ነው። ቢያንስ እርሱ ጸድቷል።

፭ኛ። አምስተኛውን ለመጻፍ ብዕሬን ሳነሣ ዳመነ። በጮቄ በኩል ነው። የተቀመጥኩት ከታየች ደጅ ነው፤ እርሷ አካፋ ይዛ ከግቢው ወደ ቤቷ የሚወርደውን ቦይ ትደፍናለች። ትደፍንና ቀና ትላለች። ሰማዩን ታያለች። የእጇ ቆዳ እንደ ሽንኩርት ይላጣል። ዱሮ፣ ማንም ምንም ሳይነግረን በፊት፣ ትኋን ይገድላል ሲባል ሰምታ ወለሏን በዚያ አፈር ለቅልቃው ነበር። እውነትም ገደለ።

«የኔታ፣ ስንተኛው ላይ ደረስክ?» ትለኛለች።

አምስተኛው ላይ ነኝ ስላት፣ «እኒህን ሰውዬ ስታመሰግን ዝናቡ ቀደመህ!» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። አምስተኛውን ትቼዋለሁ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የምንለምነው ጥቂት ነው። ሃያ ሁለት ጥንድ ቦት ጫማ። ሃያ አንድ ጥንድ ጓንት፤ አንዱ አለንና። ዘበኛውን ከጆንያዎቹ ወደ ግቢው እንዲያዛውሩልን። ሰኔ ሳይጋመስ ሥራውን እንድንጀምር እንዲፈቅዱልን። በሰሌዳው ላይም አንዷን ቃል እንዲለውጡልን፤ አዲሷ ቃል ሦስት ፊደል ብቻ ስለሆነች ቀለም ትቆጥብልዎታለች።

በሰጡት ሰርተፍኬት ግድግዳው የተዋበለት፣ በትእዛዝዎ ጽጌረዳን ያለ በደሏ ከሥሯ የነቀለ፣ ከሰሌዳዎ ሥር ቆሞ ስምዎን ሲያነሣ የሚውል፣

ወልደ ሩፋኤል
የተበከለ መሬት ጽዳት ባለሙያ
(በንጹሕ መሬት ላይ የዘጠኝ ጆንያ ልምድ ያለው)

ማሳሰቢያ፤ ዘዴው ይኸውልዎ። ዘበኛው ደግ ሰው ነው፤ ቁልፉን ይከፍትልኛል፣ ማየት ግን አይወድም። ስለዚህ ከግቢው አፈር ሊወስድ ለመጣ ሁሉ፣ ከተቆለፈው ንጹሕ የጽጌረዳ አፈር እየቋጠርኩ ስሰጥ ሰነበትኩ። ያለፈው ቅዳሜ የክቡርነትዎ ሾፌር ፌስታል ይዞ መጥቶ፣ «ለኃላፊው እናት፣ ለወይዘሮ የብርጓል ነው፤ ለወገባቸው» ሲለኝም ከዚያው ሰጥቼዋለሁ። ወገባቸው እንደ ተሻላቸው ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ ከሥልጠናችን እስከ ዛሬ የተጠቀሙት እርሳቸው ናቸውና እንኳን ደስ አለዎ። በመጪው ቅዳሜ ለጎረቤቶቻቸውም ጭምር እንድጨምርላቸው ልከውብኛል። ከዘጠኙ ጆንያ የቀረኝ ግን ዛሬ ሁለት እፍኝ አይሞላም። ግቢው እንዳለ ነው፤ አልጎደለም። እናትዎ ሲልኩብኝ ከየትኛው ልቋጥርላቸው?