«ዩጋንዳ ሙቅ ነው» ተብሎ የተነቀለው ቴርሞስታት

ልጄ ጀሊላ፣ የአላህ ሰላም እዚያ ኦስሎ ድረስ ይድረስሽ፤ ብርዱን ያቅልልልሽ፤ ደግ ሰው ያጋጥምሽ። እኛ እዚህ ካንሳንጋ ሰፈራችን ደህና ነን፣ አልሀምዱሊላህ። እኔ ግን በንዴት ተቃጥያለሁ!

ያቺ ትተሻት የሄድሽው አሮጌ ስፖርት መኪናሽ ሞተሯ ሲግልብን አባትሽ መካኒክ ጠራ። ሰውየው ቴርሞስታቱን ነቅሎ መሬት ላይ ጣለና «ማማ፣ ዩጋንዳ ሙቅ ነው፣ ይሄ ለብርድ አገር ነው» አለኝ። ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን የሚይዘው እሱ አይደል እንዴ? በር ገንጥሎ ቤት ጠገንኩ ይባላል? ከዚያ ወዲያ ሞተሯ አልሞቅ አለ፣ ቤንዚኑንም እንደ ውሃ ትጠጣው ጀመር።

አሮጌውን ከመሬት አንስቼ በቦዳ ሞተር ብስክሌት ካትዌ፣ መለዋወጫ ተራ ሄድኩ። በላዩ ሰማንያ ሁለት ዲግሪ የሚል ተጽፏል፤ ሻጩ ግን «ሁሉም አንድ ነው» ብሎ ባለ ሰባ አንዱን ሊያሸክመኝ! ስጮህበት ትክክለኛውን አወጣ። ቤት ወስጄ የሾርባ ድስቴ ውስጥ ከተትኩት፤ ውሃው ሲግል አፉን ከፈተ፣ ሲበርድ ዘጋ። ሌላ መካኒክ ገጠመው። አሁን አባትሽ «ዓሣ ልግዛ» እያለ በየቀኑ ጋባ፣ ሐይቁ ዳር ድረስ ይነዳታል፤ ዓሣው አንገሸገሸን።

የበለጠ ያናደደኝ ግን መካኒኩ አይደለም። ለአባትሽ በስልክ «ለእማ ሳትነግራት ሽጣት» ማለትሽ ነው። የተበላሸው እኮ አንድ ትንሽ ዕቃ ነበር! ላትመለሺ ካሰብሽ ፊት ለፊት ንገሪኝ እንጂ በመኪና ሽያጭ አታስረጂኝ።

አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ እጅሽን ያልማው። ሁለተኛው ቁልፍ አንቺ ጋ ነው። አደራ፣ እንዳይጠፋብሽ።

እናትሽ ሲቲና