ዳኛው፣ ጥላው እና እኔ

ማክሰኞ፣ የካቲት 11 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ከርመሻል? ትንሹስ ሰውዬ ጥርስ አወጣ? የላክሽው ፎቶ ደርሶናል። እናትሽ ጎረቤቱን ሁሉ አዳርሳ ስታበቃ አሁን ደግሞ «አፍንጫው የኔ ነው» እያለች ታደርቀኛለች። እኔም ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

«ልጄን ይዤ ልምጣ አልምጣ ገና አልወሰንኩም» ያልሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። አልተቀየምኩም። ዛሬ ግን ክፍል ውስጥ የገጠመኝን ልንገርሽ።

ከአሥራ ሁለተኛ ክፍሎች ጋር አንድ ጎቲክ ልብ ወለድ እያነበብን ነው፤ ያው አሮጌ ግንብ፣ ጭጋግ፣ ሲጢጥ የሚል በር ያለበት። ባለታሪኩ ለድሃ የሚፈርድ ጨዋ ዳኛ ነው፤ ቤቱ ሲገባ ግን እኅቱን ምድር ቤት ቆልፎ ይገርፋታል። እንደ ልማዴ የደግነቱን ቃላት በሰማያዊ፣ የክፋቱን በቀይ አስምሩ አልኳቸው። ከዚያ «በአንድ ሰው ውስጥ ሁለት ሰው ይኖራል» የሚለውን፣ ሃያ ዓመት ያልሰለቸኝን ንግግሬን ልጀምር ስል፣ በጥያቄ ስለምትወጋን «መርፌ» የምንላት ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ሰውዬው ደግ ሲሠራ ‹እኔ ረዳሁ፣ እኔ ፈረድኩ› ይላል። ሲገርፋት ግን ‹ጥላዬ ገፋኝ፣ የአያቶቼ ደም ፈላብኝ› ነው የሚለው። ሁለት ሰው ከሆኑ ታዲያ ለጥላው አለንጋውን ማን ነው የሚያስቀምጥለት?»

ክፍሉ በሳቅ ታመሰ። እኔ ግን ንግግሬን ሳልጀምር መጽሐፉን ዘጋሁ።

ቤት ገብቼ የደብዳቤዎቼን ረቂቅ አወጣሁ። መቼም አባትሽ ሳያረቅ የአስቤዛ ዝርዝር እንኳ እንደማይጽፍ ታውቂያለሽ። አንቺን ይቅርታ የጠየቅኩባቸውን ሦስቱን ይዤ ማስመር ጀመርኩ። በመጀመሪያው «ንዴት ይዞኝ» ብያለሁ። በሁለተኛው «ሰይጣን አሳስቶኝ»፣ በሦስተኛው «እጄ ቀድሞኝ»። ያሳደግኩሽ፣ ያስተማርኩሽ፣ ስትታመሚ አጠገብሽ ያደርኩት ግን በሦስቱም «እኔ» ነኝ። አፈርኩ፣ ልጄ።

ስለዚህ ይህን ሳላረቅ ነው የምጽፍልሽ። ያን ቀን ትምህርቱን ትቻለሁ ስትይኝ ቀበቶዬን የፈታሁት እኔ ነኝ። በሩን የቆለፍኩትም እኔ ነኝ። እናትሽ ከውጭ «ኧረ በፈጠረህ!» ስትል ሰምቻታለሁ፤ ሰምቼም አላቆምኩም። በኋላ ወተት አሙቄ ያመጣሁልሽም ያው እኔው ነኝ፤ ሌላ ሰው ቤቱ ውስጥ አልነበረም።

እናትሽ «ተለውጧል በላት፣ ትምጣ» ትለኛለች። ተለውጫለሁ ብዬ አምናለሁ፤ ዳኛውም ከእያንዳንዱ ግርፋት በኋላ እንደዚያው ያምን ነበር። ለመምጣት ከወሰንሽ ቤቱ ቤትሽ ነው። ናፍቀሽኛል። ብቻ ልጁን ለብቻው ከእኔ ጋር ትተሽ አትውጪ። እኔው ራሴ «ግድ የለም፣ ሂጂ» ብልሽም አትውጪ።

እግርሽን እንቅፋት አይንካው፤ ልጅሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ።

አባትሽ