ሁለቱንም ያጠቆረችው

መሐል ሜዳ፣ መጋቢት 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ለመምህሬም ለአባቴም ለየኔታ፣

ያ የጉልበትዎ ቁርጥማት በዚህ ብርድ ጋብ አለልዎ ወይ? የጉባኤ ቤቱ ተማሪዎችስ ደኅና ናቸው? እኔ በሥጋ ደኅና ነኝ፤ ከዚያ በላይ ብል ውሸት ይሆናል።

ሁለት ዓመት የደበቅሁትን ልንገርዎ። ልጅዎ እስከዳር እኔ ቤት ሆና የአሥረኛ ክፍል ፈተና የወደቀችው ሰንፋ አይደለም። የጣልኳት እኔ ነኝ።

የእንግሊዝኛ መምህር ብባልም ማስተማር የማውቀው እርስዎ ባስተማሩኝ መንገድ ብቻ ነው። አንዲት አጭር ቃል ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ «ፌር ማለት አንድም ያማረ ነው፣ አንድም የማያዳላ ነው፣ አንድም መልከ ቀይ ነው፣ አንድም የገበያ ትርኢት ነው» እያልኩ አወርደው ነበር። የገበያው ከላቲን የበዓል ቀን የመጣ፣ የቀረው ከጥንቱ እንግሊዝኛ የወረደ ነው ስላቸው ሌላው ተማሪ ያዛጋል። እስከዳር ግን ቤት ከገባን በኋላም «ሌላስ የለውም?» እያለች ትነዘንዘኝ ነበር። በእርስዎ ነው የወጣችው።

የፈተናው ቀን እየሳቀች ወጣች። ስለ አንድ ዳኛ በተጻፈ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ፌር መጥታ፣ «የማያዳላ»ም «መልከ ቀይ»ም ከምርጫዎቹ ስለነበሩ ሁለቱንም አጠቆርኩ አለችኝ። በሌሎቹም ጥያቄዎች እንዲሁ። መመሪያው አንዱን ምረጡ ይላል፤ እሷ ግን የሚያውቅ ሰው በአንዱ አያቆምም ብዬ ያስተማርኳትን አመነች። የሚያርመው ማሽን ነው፣ ሁለት የጠቆረበትን ዜሮ ይለዋል። ይህን ሳልነግራት ሰደድኳት።

ውጤቱ ሲመጣ ከራቤል ድረስ መጥተው ምን ነካት ሲሉኝ፣ ፈርቼ «ተዘናግታ ነው» አልኩ። አጠገቤ ቆማ ነበር፤ አላስተባበለችም። በኋላ ለምን ዝም አልሽ ብላት፣ «የአባዬ ትምህርት ጣላት ከሚባል እኔ ሰነፍ ልባል» አለችኝ። ከጥቂት ወራት በኋላ ቤይሩት ገባች። እርስዎም ስሟን በጸሎት አላነሣም አሉ።

የኔታ፣ እኔን ይርገሙኝ፣ ይገባኛል። እሷን ግን ይፍቷት።

ይህን ደብዳቤ ማልደው ይዘውልዎ የሚመጡት ቄስ መርስዔ ኃዘንና ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው። አንብበው ሲጨርሱ የሚሉዎትን ይስሟቸው፤ በወረቀት የሚነገር አይደለም። ሲመለሱም የክርስትና ስሟን ይላኩልኝ። እዚህ ካህናቱ ለጸሎቱ ስሟን ሲጠይቁኝ እስከዳር ከማለት በቀር የማውቀው አልነበረኝም።

አምላከ ቅዱሳን ያጽናዎ።

ልጅዎን አደራ የሰጡት ደቀ መዝሙርዎ