አባባ የሠራቸውን ጥይቶች እንዳትተኩስ

ለምትናፍቀኝ ታናሽ ወንድሜ ለሮይስ፤

ከባሕሩ ማዶ እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? መረብ ስትጎትት የተቀጨው ትከሻህስ ተሻለው ወይስ አሁንም ብርድ ሲሆን ይነዘንዝሃል? ፌዶራስ እንዴት ናት? ትንሿ ልጃችሁ አኒሲያስ ያ ሳል ለቀቃት? እኛ እንደምንም አለን። እማዬ ጉልበቷን እያማረረችም ቢሆን ቆማ ትሄዳለች። እኔም እዚያው ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ከልጆቹ ጋር ስጨቃጨቅ ቀኑ ይመሽልኛል። የአባባን ነገር ግን በአንድ ቃል ደህና ነው ብዬ ማለፍ ስለማልችል ዝቅ ብዬ በሰፊው እነግርሃለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ልለምንህ። ይህን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥና ሽጉጥህን አራግፍ። በረዶው ሲቀልጥ መጥተህ ስትመለስ አባባ በገዛ እጁ ሠርቶ ከሰጠህ ጥይቶች አንዲቷንም እንዳትተኩስ። ለዒላማም ሆነ ለድብ እንዳትተኩስ። ስልካችሁ ከማዕበሉ ወዲህ እንደተቆረጠ ነው። ደጋግሜ ሞክሬ ሲያቅተኝ በደሴታችሁ ሬዲዮ የመልእክት ሰዓት ‹‹ሮይስ፣ የአባትህን ጥይቶች አትንካ፣ ደብዳቤ እየመጣልህ ነው›› ብዬ አስነግሬአለሁ። ያን ያህል ያሳጠርኩት የኮዲያክ ደሴት ሰው ሁሉ የአባባን ገመና እንዳይሰማ ብዬ ነው። ሰምተህ ከሆነ ተመስገን። ካልሰማህ ግን ይህ ደብዳቤ የፖስታ አውሮፕላን ሲጠብቅ አንተ ወንዝ ዳር ምን እያደረግህ ይሆን እያልኩ ልቤ አያርፍም።

ነገሩ የጀመረው ባንተው ደብዳቤ ነው ብልህ እንዳትቀየመኝ፤ ጥፋቱ ያንተ ነው ማለቴ አይደለም። ስታገባ አባባ አርባ አንድ ማግነም ከሚባሉት ሁለት ሽጉጦቹ አንዱን ሲሰጥህ ፊትህ እንዴት እንደጠቆረ አይረሳኝም። አንተ የፈለግኸው እንደ ሰው ሁሉ ትልቁን አርባ አራት ነበር። ‹‹ማንም የማያውቀውን የጥይት ልክ ይዤ ሄጄ ጥይቱን ከየት ልገዛ ነው? ከዓሣ ሆድ?›› ብለህ ጓዳ ውስጥ ስታማርርልኝ ሰምቶህ ነበር መሰለኝ፣ ያን ቀን ምሳውን በቅጡ አልበላም። ባለፈው ክረምት ግን ያቺን ደብዳቤ ላክህ። ‹‹አርባ አራቱ እንደ በቅሎ ይራገጣል፣ ከኔ የሚያንሰው ሽጉጥ ደግሞ ድብን ከማሳከክ አያልፍም፤ ይኼ ግን እጄ ላይ ረጋ ብሎ ይታዘዘኛል፣ ፌዶራም ስትተኩሰው አንጓዋን አያማትም። ወደብ ላይ ያየው ሁሉ ምንድን ነው ይኼ ይለኛል፣ እኔም እንዳባባ እየተኮፈስኩ አስረዳለሁ›› ብለህ ነበር የጻፍከው። ራት ላይ ጮክ ብዬ አነበብኩት። አባባ ሹካውን አስቀምጦ ‹‹እስቲ ያቺን የበቅሎዋን ደግመሽ አንብቢልኝ›› አለኝ። ደግሜ አነበብኩለት፣ ሠለስኩለት። በማግስቱ ቡናውን እንኳ ሳይጠጣ ጋራዥ ገባ። እማዬ ወዴት ነው ብትለው ‹‹የኔ ልጅ ጥይት ከሱቅ አይገዛም›› ብሏት ሄደ። ያን ቀን እንዴት ደስ ብሎት እንደነበር ብታየው!

ፌዶራ አብራህ ታነበው ይሆናልና ይህን ለሷ ልንገራት። እኛ ሸለቆ ውስጥ አርባ አንድ የሚተኩሱ ሰዎች ድሮም ጥቂት ነበሩ። ሱቅ ገብተሽ ብትጠይቂ ሻጩ ትከሻውን ነቅንቆ አርባ አራት ያቀብልሻል። ስለዚህ የአርባ አንድ ሰው ቀለሃ መሬት ላይ ጥሎ አይሄድም፤ ከተኮሰ በኋላ ጠጠር ላይ ተንበርክኮ አንድ በአንድ ይለቅማል፣ ቤቱ ወስዶ ያጥባል፣ አዲስ መለኮሻ ይተክልበታል፣ ባሩድ መዝኖ ይጨምርበታል፣ ከላይ የእርሳስ አረሩን ጭኖ ይዘጋዋል። ከተዘጋ በኋላ ሆዱ ውስጥ ምን እንዳለ ከውጭ አይታይም። ከነሱ አንዱ ሲሞት ደግሞ ሚስቱ ቀለሃዎቹን በቡና ቆርቆሮ አድርጋ ለቀሩት ታመጣለች። ማንም ደንብ ብሎ አላወጣውም፣ እንዲሁ ነው የኖረው። አሁን የሁሉም ቆርቆሮ ስማቸው በቀለም ተጽፎበት አባባ መደርደሪያ ላይ ተኮልኩሏል። እሱ ብቻ ነው የቀረው። ለሮይስ የሠራውም ከነዚያ ነው። ከየቆርቆሮው ጥቂት ጥቂት እያነሣ ‹‹በሉ እናንተም አላስካን እዩ›› ሲላቸው በበሩ በኩል ሰምቼ ስቄ ነበር።

አሁን ወደ ክፉው ወሬ ልመለስ። ባለፈው ወር መጨረሻ አንድ እሑድ አባባንና የድሮ ጓደኛውን ኦርቪልን ይዤ ዒላማ ሊተኩሱ ወደ ጠጠር ማውጫው ሄድኩ። መኪናውን የምነዳው እኔ ነኝ፤ ምክንያቱን ወደ ታች ትደርስበታለህ። ኦርቪልን ታውቀዋለህ፣ ገና ከመኪና ሳይወርድ ነው የሚጀምረው። ‹‹ዴልመር፣ ያንን እናት አባት የሌለውን ጥይትህን ዛሬም ይዘኸው መጣህ? ወይ እደግና አርባ አራት ሁን፣ ወይ እነስና እፎይ በል!›› አለው። አባባም ‹‹አንተ በተኮስህ ቁጥር ተራራው ይደነግጣል፣ አጋዘኑ ግን ቆሞ ይስቅብሃል›› ብሎ መለሰለት። እውነቴን ነው የምልህ፣ እዚህ ላይ ምንም የጎደለው ሰው አይመስልም ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ጥሩ ወጡ፣ ጣሳዎቹም ዘለሉ። ቀጥሎ ቃታውን ሲስብ ግን የጠርሙስ ቡሽ ሲነቀል የምትሰማ ዓይነት ‹‹ጱ›› የምትል ድምፅ ብቻ ወጣች። በልጅነታችን አባባ ጆሯችን እስኪደክም የነገረን ይህንኑ አልነበረም? ድምፁ ከደከመ እርሳሱ አፈሙዙ ውስጥ ተቀርቅሯል፣ ደግመህ ከተኮስህ ብረቱ እጅህ ላይ ይፈነዳል፣ አስቀምጠው ይለን ነበር። እሱ ግን ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ደግሞ ሊተኩስ አነጣጠረ። ዘሎ እጁን የያዘው ኦርቪል ነው። አባባ ተቆጥቶ ‹‹ልቀቀኝ! ምን ነክቶሃል አንተ ሰው?›› አለ። ኦርቪልም ዝግ ብሎ ‹‹ዴልመር፣ ወንድሜ፣ እባክህ አፈሙዙን እይ›› አለው። ከዚያ ሰውዬ አፍ ቀልድ የሌለበት ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

አባባ ሽጉጡን አራግፎ ቀጭን እንጨት በአፈሙዙ አስገባ። እንጨቱ መሃል ላይ ቆመ። እንጨቱን እንደያዘ ‹‹ባሩድ አልጨመርኩባትም›› አለ። ኦርቪል ሊያጽናናው ብሎ ‹‹ኧረ ማንም ይረሳል፣ እኔም ስንቴ ረስቻለሁ›› ቢለው ‹‹አንተማ ትረሳለህ›› አለና ንግግሩን ሳይጨርስ ተወው። ከዚያ እንደልማዱ ተንበርክኮ ቀለሃዎቹን ለቀመና ኪሱ ከተተ። ከለቀመ በኋላም አልተነሣም። አሁንም ጠጠሩን በእጁ እየጠረገ ‹‹የት ሄዱ?›› ይላል። ኪስህ ውስጥ ናቸው አባባ አልኩት። ኪሱን ዳበሰና አየኝ፤ ያን አስተያየት እንዳንተ ሩቅ ሆኜ ባላየሁት ብዬ ተመኘሁ።

ቤት እንደደረስን የቀሩትን ጥይቶች አንድ በአንድ ፈታታቸው። እኔ መብራቱን ያዝኩለት። አንዳንዶቹ ባዶ ነበሩ። አንዳንዶቹ ደግሞ እጥፍ ባሩድ ጎርሰዋል፤ የከፉት እነሱ ናቸው፣ ሽጉጡን ከሰው ፊት ጋር ነው ይዘውት የሚሄዱት። እማዬ በሩ ላይ የዕቃ ፎጣዋን እየጠመዘዘች ‹‹ደክሞት ነው፣ ሌላ ምንም የለውም›› ትላለች። አባባ ድንገት እጁን አቆመና ‹‹የሮይስን መቼ ነው የሠራሁት?›› አለ። እማዬ መልሱን ታውቀዋለች። አንተ ልትመጣ ሰሞን አባባ ወደ ቤተ ክርስቲያን ብሎ በመኪና ወጥቶ ከፈረሰ ስንት ዘመኑ የሆነው የድሮው የበቅሎ በረቱ ቦታ ላይ ቆሞ ነው የተገኘው። ላንተ እንዳንነግርህ እማዬ አስምላን ነበር። መኪናውን ከዚያ ወዲህ ነው እኔ የያዝኩት። እማዬም ፎጣዋን አስቀምጣ ‹‹በዚያው በጠፋህበት ሰሞን ነው፣ ዴልመር›› አለችው። አባባ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። አሁን አየሁት።

ሐኪሙ የነገረን የፈራነውን ነው፤ የመርሳት በሽታ ነው፣ ወደፊት እንጂ ወደ ኋላ አይልም። በማግስቱ አባባ ባሩዱንም ጥይት መጫኛ መሣሪያውንም ከጠረጴዛው ፈትቶ እኔ ወዳለሁበት በረንዳ አመጣና ‹‹እጄን አላምነውም፣ አንቺ ዘንድ ይቀመጥ›› አለኝ። ይህን ማድረጉን አሁን አያስታውስም። ጋራዥ ገብቶ ባዶውን ጠረጴዛ ሲያይ ማን ሰረቀኝ ብሎ ይቆጣል።

የሚያንገበግበኝ ግን ይህ አይደለም። ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሣ የመጀመሪያ ቃሉ ‹‹ሮይስን ንገሩት›› ነው። ነግረነዋል አባባ ስለው እፎይ ይላል፣ ቁርሱንም ይበላል። ሳህኑ ሳይነሣ ደግሞ ፊቱ ይለዋወጥና ‹‹ኔዲን፣ የሮይስ ጥይቶች! ልጁ ይሞትብኛል!›› ይለኛል። ባንተ ላይ ያደረገውን በየጠዋቱ እንደ አዲስ ነው የሚሰማው። የጎረቤቱን ስም፣ የተወለደበትን ቀን፣ አንዳንዴም የእኔን ስም ወስዶበት ይህችን ፍርሃት ብቻ ምነው ተወለት እያልኩ ከእግዚአብሔር ጋር እጣላለሁ። እማዬ ዝም ብለሽ ነግረነዋል በዪው ትለኛለች። እላለሁ፤ ግን አንተ መስማት አለመስማትህን ሳላውቅ ስለምለው ድምፄ ይንቀጠቀጣል፣ እሱም ያውቅብኛል።

ስለዚህ እንዲህ አድርግልኝ። ሱቁ የፋብሪካ አርባ አንድ በትእዛዝ እንዲያስመጣና በዕቃ ጀልባ እንዲልክልህ ተስማምቻለሁ፤ ይዘገያል፣ ሻጩም እንደልማዱ አርባ አራት አይሻልም ወይ ብሎኛል። እስከዚያ የፌዶራን አባት ጠመንጃ ተዋስ፤ ድቦቹ የክረምት እንቅልፋቸውን ሳይተኙ ብቻህን ወንዝ አትውረድ። የአባባን ጥይቶች አኒሲያ ከማትደርስበት ቆልፍባቸው። ባሕር ልትጥላቸው ታስብ ይሆናል፤ አትጣላቸው። የነዚያ ሰዎች ቀለሃዎች ናቸው፣ አባባም ይጠይቀኛል። ዓሣው ፋታ ሲሰጥህ አንተው ና፤ እዚህ መፍቻው አለ፣ አብረን ከፍተን ባሩዱን እንደፋለን። የትኛው ቀለሃ የየትኛው ቆርቆሮ እንደሆነ አባባ እስካሁን በዓይኑ ይለያል። ብዙ የሚቆይ አይመስለኝምና ቶሎ ና።

ከመምጣትህ በፊት ግን በገዛ እጅህ ጽሑፍ አጭር ደብዳቤ ላክልኝ። ‹‹አባባ፣ አልተኮስኩም፣ ደህና ነኝ›› በልበት፣ ሌላ አያስፈልግም። እጅ ጽሑፍህን አሁንም ያውቀዋል። አንተ አንድ ጊዜ ጻፍ፣ እኔ በየጠዋቱ አነብለታለሁ።

እማዬ ትስምሃለች፤ ሳትነግርህ በመቅረቷ ይቅር በለኝ ብላሃለች። ለፌዶራ የሹራቡን ክር እንደላከችላት ንገራት። አኒሲያን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳምልኝ። ለፌዶራ እናትና አባት ሰላምታዬ ይድረስ። ኦርቪል ‹‹ያንን የሙት ልጅ ሽጉጥ አራግፎ ወደኛ ይምጣ፣ አርባ አራቴን አውሰዋለሁ›› ብሏል፤ ይህን ሲል ግን አልሳቀም። አባባ ደግሞ ትናንት ልቡ ቦታው በነበረ ሰዓት ‹‹አብዛኞቹ ደህና ናቸው በዪው፣ የትኞቹ እንደሆኑ ግን አላውቅም›› ብሎሃል።

አሁን ከአልጋው ተነሥቶ በካልሲው መጥቶ ከኋላዬ ቆሟል። ለማን ነው የምትጽፊው አለኝ። ለሮይስ ነው አልኩት። ወንበሩን ያዘና ‹‹ጥይቶቹን ነገርሽው?›› አለኝ። ነገርኩት አልኩ። ‹‹እስቲ ደግመሽ ንገሪው›› አለኝ።

ሮይስ፣ አባባ የሠራቸውን ጥይቶች እንዳትተኩስ።

እህትህ ኔዲን
ሳልመን፣ አይዳሆ
እሑድ፣ ኦክቶበር 6 ቀን 1996