የጨው ባትሪ መኪና ገረሴ ያወጡት የወይዘሮ ማሚቱ ኦይታ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ማሚቱ ኦይታ ከአባታቸው ከአቶ ኦይታ ኦቶሮና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጣይቱ ዓባይ በ1960 ዓ.ም. በጋሞ ዞን ገረሴ ተወለዱ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው፣ የሁለተኛ ደረጃውን አርባ ምንጭ ተምረዋል። ሴት ልጅ ከኤሌክትሪክ ጋር ምን አላት ያሉ ዘመዶች ነበሩ። እርሳቸው ግን በዚሁ ሙያ በዲፕሎማ ተመርቀው ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ በአርባ ምንጭ ከሠላሳ ዓመት በላይ አስተማሩ። በ1986 ዓ.ም. መምህር ዕዝራ ምሥጋናን በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አግብተው ዕድላዊትንና ማቴዎስን ወለዱ።

በ2015 ዓ.ም. ከጫሞ ዓሣ፣ ከላንቴ ሙዝ የሚያመላልሱት ነጋዴ አቶ ሳላዲን የገዟት የኤሌክትሪክ ፒክአፕ ባትሪዋ ደክሞ ግቢ ውስጥ ቆመች። ሻጮቹ መላ የለውም አሏቸው። ወይዘሮ ማሚቱ በሶዲየም ስለሚሠራው አዲስ ባትሪ ሲያነቡ ከርመው ነበርና መኪናዋን ተረከቡ። አቶ ሳላዲን ዕቃውን ከውጭ አስመጡላቸው፤ እርሳቸውም ገጣጠሙት። ሶዲየም ከምንበላው ጨው ውስጥ የሚገኝ ነው ብለው ማስረዳታቸው ግን ለፌዝ በር ከፈተ። ከተማው “የጨው መኪና” ይላት ጀመር።

በ2016 ዓ.ም. የሌላ ሰው የኤሌክትሪክ ባጃጅ መናኸሪያ አጠገብ ተቃጠለ። ባትሪው የእርሳቸው ሥራ አልነበረም። ሆኖም ሾፌሮች ተሰብስበው የጨው መኪናዋ መናኸሪያ እንዳትደርስ ወሰኑ። ወይዘሮ ማሚቱ ሳይጠሩ ስብሰባው ላይ ተገኙ። የተናገሩትን ያልሰማ የከተማው ሰው የለም፦

“ልጄን አሳፍሬ ገረሴ እወጣለሁ። ያላመነ አብሮኝ ይሳፈር፤ የፈራ በእግሩ ይከተለኝ።”

አብሯቸው የተሳፈረ አልነበረም። በሐምሌ ዝናብ ሙዝ ጭነው፣ ዕድላዊትን ጋቢና አስቀምጠው ተነሡ። የዳገቱ እኩሌታ ላይ መኪናዋ ቀጥ አለች። በጭነት መኪና ተጎትተው ሲመለሱ መንገድ ዳር ቆሞ የሳቀባቸው ብዙ ነው። በማግስቱ እሑድ ግን ቤተ ክርስቲያን ከፊተኛው ወንበር ተቀምጠው ከሁሉም ከፍ አድርገው ዘመሩ። ጉድለቱ ባትሪው ላይ ሳይሆን ዳገቱ ባጋለው ቀጭን ሽቦ ላይ እንደነበረ አጣርተው፣ በወፍራም ሽቦ ቀይረው በነሐሴ እንደገና ወጡ። ያን ቀን ገረሴ ገበያ መሐል ቆመው ሙዙን ራሳቸው አወረዱ። ሲመለሱም መኪናዋ ቁልቁለት ስትወርድ ኤሌክትሪክ ታመነጫለችና ባትሪው እየሞላላቸው ወረዱ። ከዚያ በኋላ ስለ ክልከላው የሚያወራ ሰው ጠፋ። በቀጣዩ ዓመት ከከለከሏቸው ሾፌሮች መካከል ሦስቱ ባትሪ ግጠሙልን ብለው ደጃቸው መጡ። ቂም ሳይዙ ገጠሙላቸው፤ ባለቤታቸው እንደሚሉት ግን ትንሽ ሳያስጠብቋቸው አልቀሩም።

በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ የጡት ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። በአርባ ምንጭና በአዲስ አበባ ሲታከሙ፣ ያሳመማት የባትሪው ኬሚካል ነው የሚል ወሬ ተነዛ። ሐኪሞቻቸው ሕመሙ ከሥራቸው ጋር የሚያገናኘው ነገር አላገኘንም ብለዋል። እርሳቸውም በአልጋ ላይ ሳሉ ቤተሰቡን ሰብስበው “በሽታዬን በሥራዬ አታሳብቡ። ይህንን ቀብሬ ላይ አንብቡልኝ” ብለው አዘዙ። እነሆ፣ አንብበናል። የሰማ ላልሰማ ያሰማ።

ወይዘሮ ማሚቱ በተወለዱ በ58 ዓመታቸው ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት ወደ ጌታቸው ሄዱ። ባለቤታቸው መምህር ዕዝራ፣ የእናቷን ሥራ የተረከበችው ዕድላዊት፣ ማቴዎስና አንድ የልጅ ልጃቸው በሕይወት አሉ።

የፈጠራቸው አምላክ ነፍሳቸውን በቅዱሳኑ መካከል ያሳርፍ፤ እኛንም ያጽናን። ሞትም ዛሬ ዝም አሰኘኋት ብሎ አይኩራ፤ መለከቱ በተነፋ ቀን ቀድመው ከሚነሡት አንዷ እርሳቸው ናቸው።