ሩት የሱመር ካህን ልትሆን ነበር

ማክሰኞ፣ ፌብ. 2፣ ንጋት 11፡20፣ ባስ ውስጥ

ጉልበቴ ዛሬም አልተሻለውም። ትናንት መጦሪያው ውስጥ አሥራ አንድ አረጋውያን አጠብኩ። አንዷ ባልደረባዬ ሲክ ኮል አድርጋ፣ አሞኛል ብላ ደውላ ቀርታ፣ የሷም ሰዎች ለእኔ ተደረቡ። ሰፈራችን ፍሌሚንግደን ገና አልነጋም። መስኮቱ በረዶ ነው።

ልጄ ሩት ማታ ከት/ቤት ያመጣችውን ፎቶኮፒ ሰጥታኝ ነበር፣ ሳላነበው እንቅልፍ ጣለኝ። አሁን አየሁት። የግሬድ ፋይቭ፣ የአምስተኛ ክፍል ትምህርት ነው። በወንዝ ዳር የተነሱ የጥንት ሥልጣኔዎች። አባይ፣ ጤግሮስና ኤፍራጥስ፣ ኢንደስ፣ ቢጫ ወንዝ። ክፍሉ በአራት ቡድን ተከፍሎ ለሷ ቡድን ሱመር ደርሶታል። በወሩ መጨረሻ ወላጅ ፊት ትያትር ይሠራሉ። ለትያትሩ ልብስ ነጭ አንሶላ አምጪ ተብላለች። ያለችን አንዲት ናት፣ እሷም ጥጓ ተቀዳለች። ይሁን። መውረጃዬ ደረሰ።

ሐሙስ፣ ፌብ. 4፣ ምሽት 12 ሰዓት

የሩትን ፎቶኮፒ በምሳ እረፍት አነበብኩት። ድሮ ት/ቤት ተምሬው ነበር፣ ከፈተናው ጋር ረሳሁት። በሱመር እያንዳንዱ ከተማ የራሱ አምላክ አለው። ቤተ መቅደሱ የጭቃ ጡብ ነው፣ ደረጃ በደረጃ እንደ ኮረብታ የተካበ። ሴቶች እዚያ ተሰብስበው ሲሸምኑ ይውላሉ፣ ቀለባቸው ገብስ ነው። ሰው ለምን ተፈጠረ ሲባል ደግሞ እንዲህ ያወሩ ነበር፦ ድሮ ቦይ የሚቆፍሩት አማልክቱ ራሳቸው ነበሩ። ደከማቸው። ሥራ አቆሙ። ከዚያ ድካሙን የሚሸከምላቸው ሰው ከጭቃ ተሠራ። ብቻዬን ሳቅሁ። ሱፐርቫይዘሯ ዞር ብላ አየችኝ።

ካህናቱ ጠዋት ጣዖቱን ያጥባሉ፣ ያለብሳሉ፣ ያበላሉ። ማታም እንደገና። ለሩት ይህን ሳነብላት ያንቺ ጆብ ነዋ አለችኝ። በጣም ደስ ብሏታል። ካህኗ እሷ ናት። እስከዛሬ ለምንም ተመርጣ አታውቅም።

ከዚያ ጠየቀችኝ። የኛ አገር ሰዎችስ እንዲህ ያደርጉ ነበር? የለም፣ እኛ ከጥንት ጀምሮ ክርስቲያን ነን አልኳት። ደብተሬ፣ ዋሸሁ። እንዴት ፈጥኜ እንደዋሸሁ።

እሁድ፣ ፌብ. 7፣ ከሰዓት 9

ከቤ/ክ መመለሴ ነው። እትዬ ዘነበች ኮሪደር ላይ አስቆሙኝ። የሕፃናት አገልግሎት ኃላፊ ናቸው። ካናዳ ስገባ ሁለት ወር ቤታቸው ያኖሩኝ እሳቸው ናቸው፣ እንደ እናት ነው የማያቸው።

«ወይኒ፣ ልጅሽ ለጣዖት ምግብ ላቀርብ ነው እያለች ለሕፃናቱ ታወራለች። እውነት ነው?»

«ትያትር ነው እትዬ። የት/ቤት።»

«ትያትር መሆኑን አላጣሁትም። ሰይጣን ግን ትያትር አያውቅም።»

እነግራታለሁ አልኳቸው። እጄን ይዘው ጸለዩልኝ። ራሴን አሞኛል። ነገ ሺፍት አለኝ።

ሰኞ፣ ፌብ. 8፣ ምሽት

ካህኗን እንዳትሆን ነገርኳት። ለምን አለች። እ/ር አይወደውም አልኩ። በእንግሊዝኛ ፋይን ብላ ክፍሏ ገባች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

አባቷ ከመንገድ ደወለ፣ ትራኩን ይዞ ዊኒፔግ ደርሷል። አንቺ ያልሽው ይሁን አለ። ሁሌም እንዲሁ ነው።

ለቲቸሯ በሃይማኖት ምክንያት ብዬ ሁለት መስመር ጻፍኩ። ስፔሊንጉን ያረመችልኝ ራሷ ሩት ናት።

ሐሙስ፣ ፌብ. 11፣ ሎንድሪ ክፍል

የልብስ ማጠቢያው ገና ሃያ ደቂቃ ይቀረዋል። አሚና መጥታ ነበር፣ ስምንተኛ ፎቅ ያለችው ፓኪስታናዊት። የካህኗ ቦታ ለልጇ ለሰልማ ተሰጥቷል። ሃይማኖትሽ አይከለክልም ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ሳቀች። ሰልማ አምና በትያትር ዛፍ ሆና ነበር፣ እስከዛሬ ቅጠል አላወጣችም አለች። እኔም ሳቅሁ። እሷ አሳንሰር ውስጥ ስትገባ ግን እንባዬ መጣ። ድካም ነው።

ሩት መጋረጃ ሳቢ ሆናለች።

ሰኞ፣ ፌብ. 15

ፋሚሊ ደይ ነው፣ የቤተሰብ ቀን። እኔ ሥራ ነበርኩ። የሌላ ሰው ቤተሰብ ሳበላ ዋልኩ።

ፎቶኮፒውን መልሼ አየሁት። የጤግሮስና የኤፍራጥስ ጎርፍ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም ነበር፣ ሰዎቹ አማልክታቸውን ይፈሩ ነበር ይላል። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። እማዬ ትዝ አለችኝ።

ደብተሬ፣ ላንተ ልንገርህ፣ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ግንቦት ልደታ ሲመጣ እማዬ ዳቦና ንፍሮ ይዛ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ዋርካው ሥር ትሄዳለች። ግንዱን ቅቤ ትቀባለች። ከዚያ ብቻዋን ወደ አዋሽ ወርዳ ከዳቦው ቆርሳ ውኃው ላይ ትጥላለች። ቅቤውን በኮባ ቅጠል የምይዝላት እኔ ነበርኩ።

ጌታን በተቀበልኩ በዓመቱ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ከዋርካው መልስ ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ። ቤቱ በጎረቤት ተሞልቷል። የሰይጣን ማዕድ አልበላም ብዬ ጮህኩና ለውሻ ወረወርኩት። መመስከር መስሎኝ። አልተቆጣችም። «ወንድምሽን የወሰደው ወንዝ አንቺን እንዳይጨምርብኝ ነው እኮ» ብቻ አለች። ወንድሜን ደራሽ ውኃ ነው የወሰደው፣ እኔ ከመወለዴ በፊት።

ከዚያ ወዲያ አንስተነው አናውቅም። እዚህ በመጣሁ በሁለተኛው ክረምት ሞተች። የመኖሪያ ወረቀቴ ስላላለቀ አልሄድኩም። ይቅርታ ሳልላት።

ዓርብ፣ ፌብ. 26፣ ምሽት 3 ሰዓት

ከሥራ በቀጥታ ሄድኩ፣ ዩኒፎርሜን እንኳ አልቀየርኩም። ትያትሩ የት/ቤቱ ስፖርት አዳራሽ፣ ጂም ውስጥ ነው። ወንዞቹ ሰማያዊ ጨርቅ ናቸው። የአባይ ቡድን ልጆች አንዱን ልጅ እንደ ጥንት የተገነዘ ሬሳ በሽንት ቤት ወረቀት ጠቅልለው አመጡት፣ ሰው ሁሉ ሳቀ። የሱመር ተራ ደረሰ። መጋረጃውን የሚስቡ ሁለት ትንንሽ እጆች ብቻ አየሁ።

ሰልማ ዳቦውን ይዛ ወጣች። ቆመች። ቃሉ ጠፋባት። አሚና ከጎኔ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከመጋረጃው ኋላ የሩት ድምፅ መጣ። ልታንሾካሹክ ነበር፣ ግን አዳራሹ ሁሉ ሰማ። በእንግሊዝኛ ነው፣ ልጆቹ ራሳቸው የጻፉት፦ ወንዙን የያዝክ ጌታ ሆይ፣ ዳቦአችንን ውሰድ፣ ልጆቻችንን ተውልን።

ሰልማ ደገመችው። አጨበጨቡ። እኔ እጄን ማንሳት አቃተኝ።

ስንመለስ ሩት በበረዶው ላይ ቀድማኝ ትሄዳለች። ዞር ብላ፣

«ማም፣ ቃሉን በልቤ መያዜ ኃጢአት ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ጮክ ብዬ ብለውስ?»

እራት ሳትበላ ተኛች።

እሁድ፣ ፌብ. 28፣ ከሰዓት 10

እትዬ ዘነበችን ቤ/ክ ውስጥ ልጆቹ ከወጡ በኋላ ጠብቄ አገኘኋቸው። ወንበር ይደረድራሉ። አብሬ እየደረደርኩ ስለ እማዬ ነገርኳቸው። ስለ ዋርካው፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ ዳቦው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ካነሱት ወንበር ላይ ቁጭ አሉ።

«የኔ እናት ጨሌ ነበራት» አሉኝ። «ከእናቷ የወረሰችው። እሳት ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ፣ ቆማ እያየች። ዓመትም አልቆየች ከዚያ በኋላ።»

ከዚያ፣

«ለነዚህ ልጆች እንዲህ የምንገበገበው ለምን ይመስልሻል? ትንሽ ነገር ነው፣ ምንም አይደለም ካልኩ፣ እናቴ ላይ ያደረግሁት ምን ሊባል ነው?»

ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። እንዲህ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። አቅፌያቸው ቆየሁ። ቀስ ብዬ፣ እትዬ፣ ከእንግዲህ የሩትን ነገር ለእኔ ይተዉልኝ አልኳቸው። ሲወጡ በር ላይ የምትጠብቀኝን ሩትን ጉንጯን ሳሟት።

ሰኞ፣ ማርች 1፣ ጠዋት 1፡30

ሲክ ኮል አደረግሁ። በሦስት ዓመት የመጀመሪያዬ። አላመመኝም። ወይም አሞኛል፣ በስልክ የሚነገር ዓይነት አይደለም እንጂ።

ዛሬ ት/ቤት በእግር ነው የማደርሳት። እነግራታለሁ። የኛም ሰዎች ያደርጉ ነበር እላታለሁ። ዋሽቼሽ ነበር እላታለሁ። ዳቦውን ለውሻ የሰጠሁትንም፣ እሱን ሳልደብቅ። ጌታን አልተውኩም፣ ለዋርካም አልሰግድም፣ ግን እናቴ ክፉ ሰው አልነበረችም፣ ልጅ የሞተባት ሴት ነበረች። ይህን ለአሥር ዓመት ልጅ እንዴት ይሉታል? በአማርኛ ልጀምር ወይ በእንግሊዝኛ? ከስሟ ልጀምር መሰለኝ። ሩት የአያቷን ስም እንኳ አታውቅም፣ ነግሬያት አላውቅም።

ጃኬቷን ለብሳ በሩ ጋ ቆማለች። ትጠራኛለች፣ ማም እናረፍዳለን እያለች። መጣሁ እያልኳት ነው፣ መጣ…