ጠጠር ነው ያልነው ሕመም

ይድረስ ለማከብርዎ ለወንድም ጋሼ ጥዑመልሳን፣

እንደምን ሰንብተዋል? ያ የሚያስቸግርዎ ጉልበት በደሴ ብርድ እንዴት አደረገዎ? እትዬ ጥሩሰውስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ሙቀቱ ብቻ አላስቀምጥ ብሎናል፤ ግድግዳው ራሱ ያልበዋል። የምጽፍልዎን በስልክ ያልነገርኩዎት፣ ስልኩን ሁሌ ወንድምዎ ወንዳፍራሽ ስለሚያነሳውና እኔ ሳወራም ከአጠገቤ ስለማይጠፋ ነው። ባለሱቁ ሸሪፍ ዘመዶቹን ሊጠይቅ ነገ ወደ ደሴ ስለሚነሳ ይህን ደብዳቤ በእጁ እልከዋለሁ፤ ከእሁድ በፊት ይደርስዎታል።

ወንድምዎ ቁስሉ ደርቆለታል። ይበላል፤ የዓይኑም ቢጫነት ጠፍቷል። ጠዋት ጠዋት ባሮ ወንዝ ዳር ድረስ በእግሩ ሄዶ ይመለሳል። ሸሚዙን እየገለበ ስፌቱን ያላሳየው ሰው የለም። አብሮት የሚያስተምረው ኦፒው ዓሣ ይዞ ሊጠይቀው መጥቶ፣ ጠጠሩን ለምን ይዘህልን አልመጣህም፣ ባሮ ውስጥ ወርውረን እንገላገለው ነበር ብሎ አሳቀው። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

እንደሚያስታውሱት፣ አዲስ አበባ ሐኪሙ ለብቻችን ጠርቶ የነገረው ለእኔና ለእርስዎ ነው። የሐሞት ቱቦ ካንሰር ነው፣ ከጉበቱ የታመመውን ቆርጠን አውጥተናል፣ የቀረው ጉበት ያድጋል፤ ካንሰሩ ግን ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣልና ቁስሉ ሲድን የኬሞ ኪኒን ይጀምር አለን። እርስዎ ልቡ እንዳይሰበር ብለው የሐሞት ጠጠር ነው እንበለው አሉኝ። እኔም ታላቁ እርስዎ ነዎት ብዬ ተቀበልኩ። አባባ ሲታመሙም እንዲሁ ነበር የተደረገው።

ይኸው አሁን ኪኒኑ የሚጀመርበት ጊዜ ደርሶ፣ አዲስ አበባ አልመለስም አለ። የወጣ ጠጠር መድኃኒት አይፈልግም ነው የሚለው። ለቁስሉ ነው አልኩት፤ ቁስሉ ድኗል አለኝ። ለደም ማነስ ነው አልኩት፤ እንግዲያው ጉበት ጥበሺልኝ ብሎ ሳቀብኝ። ስጨቀጭቀው ጊዜ፣ «እሙዬ፣ ጠጠሩ ወጥቷል። የነገርሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አለኝ። ጭራሽ አቦቦ ወረዳ ልዛወር ብሎ አመልክቶ፣ እዚያ ማንጎ የሚተክልበት ቦታ እያፈላለገ ነው። ጠዋት ወደ ወንዙ ሲወጣ ጠብቄ ለሐኪሙ በችኮላ ደውዬ፣ ቫይታሚን ነው ብዬ ሳያውቅ ልስጠው ወይ አልኩት። አይሆንም፣ ደሙ በየጊዜው እየታየ የሚወሰድ መድኃኒት ነው፣ ጊዜውም እየሄደ ነው አለኝ።

የጎረቤቴ የኛዱዋል ባል ደግሞ ሰሞኑን ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ወንዳፍራሽ ጠርቶት፣ አትፍራ፣ እንደኔው ጠጠር ነው፣ አይቸኩልም አለው። ኛዱዋልን ለብቻዋ ይዤ፣ ነገ ዛሬ ሳትይ ሐኪም ቤት ውሰጂው አልኳት። አንቺ እንዴት አወቅሽ አለችኝ። ብቻ ውሰጂው ብያት ወደ ቤቴ ገባሁ።

ቤቴ ውስጥ ማልቀስ አልችልም። ልብስ ላጥብ ብዬ ወንዝ ስወርድም፣ የሚያውቀኝ ሁሉ እንኳን እግዜር ማረልሽ እያለ ጉንጬን ይስመኛል።

ጋሼ፣ ኪኒኑ ያድነዋል ብሎ ሐኪሙም አልማለልኝም። ሳይወስድ ቀርቶ ቢመለስበት ግን የከለከልነው እኛ ነን። ስለዚህ እሁድ ከቅዳሴ ስንመለስ እነግረዋለሁ። ቃልዎን ማፍረሴ ነውና ይቀየሙኝ ይሆናል፤ ይቀየሙኝ። መጀመሪያ የሚደውለው ለእርስዎ ነው። እባክዎ ያኔ ጠጠር ነው አይበሉት።

እትዬ ጥሩሰውን ጉልበታቸውን ይሳሙልኝ። ቤዚን፣ እሙዬ ፈተናው እንዴት ሆነልሽ ብላለች ይበሏት። አቤኔዘርንም ይሳሙልኝ፤ ረጅም ሆኗል ሲሉ ሰምቻለሁ። ወንዳፍራሽ በረንዳው ላይ ማንጎ እየላጠ፣ ለወንድሜ ነው የምትጽፊው፣ ድኗል በይልኝ ብሎኛል። እሺ ብዬዋለሁ።

አክባሪ እህትዎ እሙዬ
ጋምቤላ፣ ሚያዝያ 2017 ዓ.ም.